የውሻ ነቀርሳ

ነቀርሳ የተባለው ቃል በአገራችን ሁለት በሽታ ተሸክሞ የሚኖር ቃል ነው። የሳንባ ነቀርሳ ስንል በተሕዋስያን የሚመጣውንና በትንፋሽ ከሰው ወደ ሰው የሚጋባውን ደዌ ማለታችን ነው። ነቀርሳ ብቻ ስንል ግን ዛሬ ብዙ ሰው ካንሰር የሚለውን፣ የገዛ ሰውነት ሕዋስ ከሥርዓት ወጥቶ ያለ ልክ ሲባዛ የሚፈጠረውን ዕጢ ማለታችን ነው። የፊተኛው ይጋባል፤ የኋለኛው አይጋባም ተብሎ በትምህርት ቤት ተነግሮናል። ይህ በልቤ ጸንቶ የኖረ ልዩነት ባለፈው ዓመት በአንዲት ውሻ ምክንያት ፈረሰብኝ።

ውሻዪቱ ቡቺ ትባላለች። አምስት ዓመት ያህል ግቢያችንን ስትጠብቅ የኖረች፣ የቤቱን ደፍ ግን አልፋ የማታውቅ፣ ዘሯም ከሰፈሩ ውሾች የማይለይ ናት። ክረምቱ እንደ ወጣ ከምትተኛበት ሥፍራ የደም ነጠብጣብ ይታይ ጀመር። እናቴ የመራቢያ ወራቷ ነው ብላ ነበር፤ ነገር ግን አምስት ሳምንት አልፎ ደሙ አልቆመም፤ በመራቢያ አካሏም አበባ ጎመን የሚመስል ቀይ ሥጋ ወጣ። ዘበኛችን ጋሼ ጠጋ ብለው አዩና «ይህስ ነቀርሳ ነው፤ አለቀላት» አሉ። አንዲት ጎረቤታችንም እናቴን «እትዬ፣ ወደ ልጆቹ ሳይጋባ በሥጋ መርዝ ሰጥታችሁ ገላግሏት» ሲሉ መከሯት። ምክሩ ከክፋት የመጣ አይደለም፤ በሰፈራችን የታመመ ውሻ የሚሸኘው በዚሁ መንገድ ነውና። ለዚህ ሥራ የሚውለው ስትሪክኒን ግን እንስሳው ራሱን እያወቀ ጡንቻውን አኮማትሮ፣ ትንፋሹን ዘግቶ የሚገድል መርዝ ስለ ሆነ፣ መገላገል የሚለው ስም የሚስማማው አይመስለኝም።

ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኋት። ሐኪሙ በቢሾፍቱ የተማረ ወጣት ነው። ነቀርሳ ይዟታል ብዬ ብነግረው «የትኛው ነቀርሳ?» ሲል ጠየቀኝ። እንዲህ ያለውን ጥያቄ በቤታችን ማንም አላነሣውም ነበር። ከዚያም አንዲት ስስ መስተዋት በዕጢው ላይ አስነክቶ፣ ቀለም ቀብቶ፣ በማይክሮስኮፕ አሳየኝ። ሕዋሳቱ ክብ ክብ ናቸው፤ በውስጣቸውም አረፋ የሚመስሉ ጥርት ያሉ ነጠብጣቦች ተሰልፈዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ይህ ነቀርሳ የተፈጠረው ከቡቺ ሰውነት አይደለም። ውሾች ሲገናኙ ሕያው የሆነው የነቀርሳ ሕዋስ ራሱ ከአንዱ ወደ ሌላው ተሻግሮ እንደ ችግኝ ይተከላል፤ የሚያሸጋግረው ተሕዋስ የለም። ሩሲያዊው የእንስሳት ሐኪም ኖቪንስኪ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1876 ዕጢውን ከውሻ ወደ ውሻ ወስዶ በመትከል መጋባቱን አስረዳ። በጤነኛ ውሻ ሕዋስ 78 ክሮሞሶም ሲገኝ በዚህ ዕጢ ውስጥ ያለው ግን ወደ 60 ገደማ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 የወጣ አንድ ጥናት ደግሞ በዓለም ሁሉ የሚገኘው ይህ ዕጢ ከ4,000 እስከ 8,500 ዓመት በፊት በእስያ ከኖረ ከአንድ ውሻ የተነሣ ነው ይላል። ያ ውሻ ከሞተ ብዙ ሺህ ዘመን ሆኖት፣ የሰውነቱ ቅንጣት ግን እስከ ዛሬ ከውሻ ወደ ውሻ እየተሸጋገረ፣ በእኛም ግቢ በር ላይ ደርሶ መገኘቱን ሳስብ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ። ወደ ሰው ግን አይጋባም፤ ይህንንም ለጎረቤታችን ሄጄ ነገርኋቸው።

ውሻ የሚይዘው ነቀርሳ ሁሉ እንዲህ የዋህ አይደለም። ከመንጋጋ ሥር ንፍፊቱ አብጦ የሚታወቀው የሊምፍ ነቀርሳ በብዙ ዓይነት መድኃኒት ለጊዜው ይገታል እንጂ ተመልሶ መምጣቱ የተለመደ ነው። ትልልቅ ውሾችን የሚያነክሰው የአጥንት ነቀርሳም ብዙውን ጊዜ ሲገኝ ወደ ሳንባ ተዘርቶ ነው። እነዚህ የያዙት ውሻ ባለቤት የሚያስበው ስለ መዳን ሳይሆን ስለ ቀሪው ዕድሜ ነው፤ ይበላል? ይነሣል? ባለቤቱ ሲመጣ ጅራቱን ይቈላል? ይህ ሁሉ ሲጠፋ በሐኪም እጅ ያለ ሕመም ማሳረፍ ደግነት ነው። የቡቺ ግን የሚድነው ነበር።

መድኃኒቱ ቪንክሪስቲን ይባላል፤ በማዳጋስካር ከሚበቅል፣ ዛሬ በብዙ ሞቃት አገር ለጌጥ ከሚተከል ባለ ሮዝ አበባ ተክል የሚወጣ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር ይወጋል፤ ከደም ሥር ውጭ ቢፈስ ሥጋን ያቃጥላልና እንስሳው እንዳይንቀሳቀስ አጥብቆ መያዝ ያስፈልጋል። ያዡ እኔ ነበርሁ። በሦስተኛው ሳምንት ነጭ የደም ሕዋሷ ስለ ወረደ መርፌው ሰባት ቀን ዘገየ። ከመርፌው በኋላ ምግብ ትጠላለች፤ ቆሻሻዋም ለጥቂት ቀን በጓንት ይነሣል። ወራቱ ጾመ ነቢያት ነበር። ውሻ በእጇ ነክታ የማታውቀው እናቴ ከቤቱ ዕቃ የማይቀላቀል አንድ አሮጌ ድስት ለይታ፣ ራሷ እየጾመች፣ በጓሮ የአጥንት መረቅ ትቀቅልላት ነበር። ለምን እንደምታደርገው አልጠየቅኋትም፤ ብጠይቃትም «ዝም በል፣ ልጄ» ከማለት በቀር የምትመልስልኝ አይመስለኝም።

በመሥሪያ ቤት ግን አንድ ባልደረባዬ «ወንድሜ፣ የደም ካንሰር ያለበት ሕፃን የሚታከምበትን መድኃኒት ለውሻ ታውላለህን?» አለኝ። ሌሎቹ ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። በእርግጥም መድኃኒቱ ያው ነው። አንድ ጠርሙስ ብቻ ቀርቶ ሕፃኑና ውሻዪቱ ቢፎካከሩበት ኖሮ፣ ለማን እንደሚገባ ክርክር አያስፈልገውም። ነገር ግን ጠርሙሱ የመጣው ከመድኃኒት ቤት መደርደሪያ ነው፤ 18 ኪሎ ለምትመዝነው ቡቺ በአንድ ጊዜ የተሰጣትም ግማሽ ሚሊግራም አይሞላም። የእርሷ በመርዝ መሞት ለየትኛው ሕፃን እንደሚጠቅም እስኪያስረዳኝ እጠብቃለሁ ብዬ መለስሁለት። እርሱም ገና እያሰበበት ነው።

በአምስተኛው መርፌ ዕጢው ፈጽሞ ጠፋ። ከወር በኋላም ሐኪሙ እንዳትወልድ አድርጎ አከማት።

አሁን የቀረን በሥጋ ቤቱ አካባቢ የሚውለው ባለቤት የሌለው ጥቁር ውሻ ነው። ከአፍንጫው ደም ይወርዳል፤ በሽታው በማሽተትና በመላስ ወደ አፍንጫም ስለሚገባ ሐኪሙ ይኸው ዕጢ ሳይሆን አይቀርም ብሏል። ለመርፌው ሥጋ ሻጩ፣ እኔና እነዚያው መርዝ ይሰጣት ያሉት ጎረቤታችን ገንዘብ አዋጥተናል። የቸገረን እርሱን መያዙ ነው። ባለፈው ቅዳሜ በአንድ ቁራጭ ጉበት እያባበልን እስከ በሩ ድረስ አመጣነው፤ ገመዱን ባየ ጊዜ ግን ጉበቱን ይዞ ሮጠ።