አቃቂ ላይ የሸራ ጀልባ? ለምን አይሆንም!

መቼም አቃቂ በሰቃ ሲባል የብዙ አዲስ አበቤ ሐሳብ የሚሮጠው ወደ ፋብሪካው ጭስ፣ ወደ ከባድ መኪናው ሰልፍና ወደ ኮንቴይነሩ ክምር ነው። ጀልባ ሲባል ደግሞ ወደ ባህር ዳር፣ ወደ ሐዋሳ፣ ወደ ላንጋኖ! ሁለቱን አንድ ላይ የሚያነሣ ሰው ከተገኘ "ምን ነካው?" መባሉ አይቀርም።

ግን እስቲ ረጋ ብለን እናስበው። አቃቂ እኮ የውሃ ሰፈር ናት። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ የሚባሉት ሁለት ወንዞች የከተማውን ጓዳ ጎድጓዳ እያጠቡ ወደ ደቡብ ይወርዱና አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ይገናኛሉ። ከዚያ ወጥተው ከአዋሽ ይቀላቀላሉ። ከመሬት በታችም ቢሆን የአዲስ አበባ ሰው ቧንቧውን ከፍቶ ከሚጠጣው ውሃ ከፊሉ ከአቃቂ ጥልቅ ጉድጓዶች የሚሳብ ነው። ባቡሩስ ቢሆን? አሮጌው የጅቡቲ ባቡር አቃቂ ላይ ፌርማታ ነበረው። ባህር የሌላት አገር ከባህር ጋር በብረት የተሳሰረችው በዚሁ በአቃቂ በኩል ነው።

አባ ሳሙኤል ራሱ በግድብ የተያዘ ውሃ ነው። ግድቡ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ለኤሌክትሪክ ተብሎ ተሠራ። 6.6 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ጣቢያ በ1970ዎቹ ሥራ አቁሞ ለብዙ ዓመታት ተኝቶ ከቆየ በኋላ በቻይና ድጋፍ ታድሶ በ2016 እንደገና ተነሣ። እንግዲህ ሐይቁ ለመብራት ከሆነ ለሸራ የማይሆንበት ምክንያት ምንድነው?

ይህንን ጥያቄ ያነሣብኝ አቃቂ ውስጥ በርና መስኮት የሚበይድ አንድ ወዳጄ ነው። ዕድሜው ከእኔ ብዙም አይርቅም። ባህር አይቶ አያውቅም። ግን በሲሚንቶ ወረቀት ጀርባ ላይ የአንዲት ጀልባ ሥዕል ስሎ፣ አጣጥፎ በኪሱ ይዞ ይዞራል። የእቁብ ዕጣው ሊደርሰው ሁለት ወር ቀርቶታል። ብሩን ሙሉ በሙሉ በጀልባው ላይ ሊያውለው ነው! ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ደግሞ "የቤት ኪራይ ሦስት ወር ቀድመህ ክፈልና ከዚያ በኋላ ብትፈልግ አውሮፕላን ሥራ" ብላዋለች። እኔን የጠራኝ ሊያስታርቀን ይችላል ብሎ ነው መሰለኝ።

ሥዕሉን ዘረጋልኝ። ርዝመት 4 ሜትር፣ ወርድ 1 ሜትር ተኩል። ውስጧ ሁለት አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ የቡታጋዝ ምድጃ፣ የልብስ ሣጥን፣ ትልቅ ስፒከር ከነባትሪው… ብቻ አንድ የኪራይ ቤት የሚይዘውን ሁሉ ጨምሮባታል!

"ወንድሜ፣ ይሄ ሁሉ ይገባል?" አልኩት።

"ወረቀቱ ላይ ገብቷል እኮ!" አለኝ።

ወረቀት ደግሞ ሁሉን ቻይ ነው። ስለዚህ ጠመኔ አምጣ አልኩትና የብየዳ ቤቱ ወለል ላይ ጀልባዋን በልኳ ሳልናት። አንባቢዎቼ፣ ጀልባም ይሁን ኪዮስክ፣ ወይም አንድ ክፍል የኪራይ ቤት፣ ለጠባብ ቦታ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህንን አድርጉ። ወለል ላይ በልኩ ሳሉት፤ ከዚያ ግቡና ተኙበት፣ ተቀመጡበት፣ ተነሡበት። ጠመኔ አይዋሽም!

ወዳጄ ተጋደመ። ሰው ተዘርግቶ ለመተኛት ወደ 2 ሜትር ርዝመት፣ ትከሻው ጋ ደግሞ 60 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርድ ይፈልጋል። የጀልባ አፍንጫ ግን ወደ ፊት እየጠበበ ይሄዳል። ጎን ለጎን የሚተኙት ሁለት ሰዎች እግራቸው አንድ ላይ ተጣብቆ ከአፍንጫዋ ውጭ ወጣ። ቁጭ ሲል ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። ሰው ቀና ብሎ ለመቀመጥ ከመቀመጫው እስከ ጣሪያው 90 ሴንቲ ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። በ4 ሜትር ጀልባ ላይ ይህንን የሚሸፍን ጣሪያ ከተሠራ ጀልባነቷ ይቀርና ቁም ሣጥን በውሃ ላይ ትሆናለች። ነፋስ ገፋ ሲያደርጋት ትገለበጣለች።

ሌላው የረሳው ነገር የመሃል ሳንቃውን ነው። የሸራ ጀልባ በነፋስ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ከሆዷ ወደ ውሃው የሚወርድ ሳንቃ ያስፈልጋታል። እሱ የሚገባበት ቤት መሃል ወለሉን ለሁለት ይከፍለዋል። ጠረጴዛው የት ሊቀመጥ ነው? በዚያ ላይ ነፋሱ ሸራውን ሲጫነው ጀልባዋ ታዘነብላለች፤ ሰዎቹ ነፋሱ ወደሚመጣበት ጎን ሄደው በክብደታቸው ሚዛን መጠበቅ አለባቸው። ስለዚህ ሁለቱም ጎን ነፃ መሆን አለበት። በትንሽ ጀልባ ላይ ዋናው የቤት ዕቃ ሰው ነው፤ ሌላው ሁሉ ለሰው መንገድ መልቀቅ አለበት።

ታዲያ ምን ይደረግ? ያዋጣን አንድ ሐሳብ ብቻ ነው፦ አንድ ነገር ሁለት ሥራ ይሥራ! አግዳሚ ወንበሩ ክዳን ያለው ሣጥን ይሁን። ከሣጥኑ ግማሹ ደግሞ ውሃ የማያስገባ ታሽጎ ይዘጋ፤ ጀልባዋ ብትገለበጥ እንኳ እንዳትሰምጥ አየሩ ይይዛታል። ይህንን ማሸግ ያልቻለ ባዶ ጀሪካን ይጠቀም። ክዳኑ የጠበቀ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ውስጥ ወደ 20 ኪሎ ይሸከማል፤ አሥሩ በወንበር ሥር በደንብ ከታሰረ ወደ 200 ኪሎ ማለት ነው። ማታ ማደር ካማረ ደግሞ ሸራው ከሥር የሚታሰርበት አግዳሚ እንጨት ላይ ሌላ ወፍራም ሸራ ጣል አድርጎ በሁለቱም ጎን ማሰር ነው፤ ድንኳን ሆነ! ፍራሹ ወለል ላይ ይነጠፋል። ጣሪያም፣ ግድግዳም፣ አልጋም በዚሁ አለቀ።

ሌሎች ጥቃቅን የሚመስሉ ነገሮችም አሉ። ከባድ ዕቃ ሁሉ ከታችና ከመሃል ይቀመጥ፤ የውሃ ጀሪካንና ባትሪ አፍንጫዋ ላይ አይጫን። መደርደሪያ ሁሉ ጠርዙ ላይ 3 እና 4 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ ከንፈር ይኑረው፤ አለዚያ ብርጭቆው ከእናንተ ቀድሞ ይዋኛል። ማዕዘን ሁሉ ይሞረድ፤ ጀልባ ስትናጥ ሹል ማዕዘን ጎን ይሰብራል። የውሃ መቅጃ ባልዲው በገመድ ይታሰር፤ መቅዘፊያም አይረሳ፤ ነፋስ ቃል አይጠብቅም። የነፍስ አድን ሰደርያ ግን ሣጥን ውስጥ ሳይሆን ሰውነት ላይ ነው የሚቀመጠው!

አሁን ወደ አቃቂ እንመለስ። ከውጭ መጽሐፍ የተቀዳ ንድፍ እንዳለ አባ ሳሙኤል ላይ አይሠራም። አንደኛ፣ አካባቢው ከባህር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር የበለጠ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባህር ጠረፉ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ነፋሱ በእኩል ፍጥነት ቢነፍስም የመግፋት ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል። ባህር ላይ 5 ካሬ ሜትር ሸራ የሚበቃት ጀልባ እዚህ 6 ካሬ ሜትር ገደማ ትፈልጋለች። ሁለተኛ፣ ሐይቁን እምቦጭ ይዞታል፤ ደለልም ሞልቶታል። ስለዚህ የመሃል ሳንቃውም ሆነ መሪው እንደ በር በማጠፊያ ላይ ዞሮ ወደ ላይ የሚታጠፍ መሆን አለበት። እዚህ ላይ ወዳጄ ዓይኑ በራ። ማጠፊያ መሥራት እኮ የዕለት እንጀራው ነው! ሦስተኛ፣ ውሃው የከተማውንና የፋብሪካውን ቆሻሻ ተሸክሞ የሚመጣ ነው። የሚዋኙበት አይደለም፣ ፊት ላይ የሚረጭም አይደለም። የጀልባዋ ጎን ከፍ ይበል፣ እጅ መታጠቢያ ንጹህ ውሃና ሳሙና ከወንበሩ ሥር ይኑር።

በምን ትሠራ የሚለው ላይ ተከራከርን። እሱ በብረት አለ፤ ብረት ነዋ ሙያው። ሂሳቡን አሰላነው። ባለ 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ በካሬ ሜትር ከ15 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ግን 4 ኪሎ አይሞላም። ለ10 ካሬ ሜትር አንደኛው ከ150 ኪሎ በላይ፣ ሁለተኛው ከ40 ኪሎ በታች! በላሜራ የተሠራችውን ለማንሳት ስድስት ጎረምሳ መለመን ሊኖርበት ነው፤ የኮምፔንሳቶዋን ግን ከጓደኛው ጋር ተሸክሞ ሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ይጭናታል። በብረት ሙያው መሪውን፣ ማጠፊያውንና የምሰሶውን እግር ይሥራ ተባባልን።

"የኮምፔንሳቶ ጀልባ የልጅ ጨዋታ ነው" የሚል ካለ ይህን ይስማ። እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ የ23 ዓመት ጃፓናዊ፣ ኬኒቺ ሆሪኤ፣ ብቻውን ከጃፓን ተነሥቶ በ94 ቀን ሳን ፍራንሲስኮ ገባ። የኮምፔንሳቶ ጀልባው ርዝመት 19 ጫማ ነበር። ቃሊቲ መንገድ ዳር ከምናየው ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ያጠረች ማለት ነው! በ1963 ደግሞ ዴይሊ ሚረር የተባለው የለንደን ጋዜጣ፣ አዎ እንደኛው ያለ ባለ ትንሽ ገጽ ጋዜጣ፣ ሰው በጓሮው ገጣጥሞ የሚሠራት የ3.3 ሜትር የኮምፔንሳቶ የሸራ ጀልባ አስነድፎ ለሕዝብ አቀረበ። ሳንቃዎቹ በመዳብ ሽቦ ይሰፉና ስፌቱ በማጣበቂያ ይታሸጋል። "ሚረር" ተባለች፤ ከዚያ ወዲህ በአሥር ሺዎች ተሠርታለች።

የራሳችንንም አንርሳ። የጣና ሰው ከደንገል አስሮ ታንኳ ይሠራል፤ ከውሃ ሲወጣ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል፣ ሲያረጅ ሌላ ያስራል። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል በ1970 "ራ ሁለት" በተባለች የደንገል የሸራ ጀልባ ከሞሮኮ ተነሥቶ በ57 ቀን ባርቤዶስ ሲደርስ፣ ደንገሉ የተቆረጠው ከጣና ነበር። የእኛ ሣር አትላንቲክን ተሻግሯል!

ወዳጄ በመጨረሻ አልጋውንም ጠረጴዛውንም ሰርዞ ባለ 3.3 ሜትር ክፍት ጀልባ ላይ ወሰነ። ወጪዋ ካሰበው ከግማሽ በታች ወረደ። የቀረው ብር ለኪራይ ሄደ፤ እህቲቱም ሸራውን በልብስ ስፌት መኪናዋ ልትሰፋለት ተስማማች። እስካሁን ወለሉና አንዱ ጎን ተገጣጥሟል።

ለምትከተሉት ሁሉ ምክሬ ይኼው ነው። መጀመሪያ ዋና ተማሩ። ጀልባችሁን መጀመሪያ ንጹህ ውሃ ላይ ሞክሩ፤ ከአቃቂ የሚወጣው መንገድ ቢሾፍቱ ያደርሳችኋል፣ እዚያ ሐይቁ ሞልቷል፤ አስፈቅዳችሁ ከዳር ሳትርቁ ሆን ብላችሁ ገልብጡና ማቃናት ልመዱ። አባ ሳሙኤልን ከዚያ በኋላ ድረሱበት። በመኪና መስኮት የሚያልፍ ሰው ሽታው ሲመጣ መስታወቱን ዘግቶ ይሄዳል፤ ውሃው ላይ የተቀመጠ ሰው ግን የሚዘጋው መስታወት የለውም። እምቦጩን በመሪው፣ የፋብሪካውን ዝቃጭ በአፍንጫው ያውቀዋል፤ ያወቀ ሰው ደግሞ ዝም አይልም። አቃቂ ላይ አሥር ሸራ ቢታይ፣ "ይህ ውሃ የማን ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ቢያንስ አሥር ሰው ተገኘ ማለት ነው።

ሳምንት በሌላ ጉዞ እስክንገናኝ፣ ቸር ነፋስ ይንፈስላችሁ!