አርባ ሦስት ካርቶን

አርባ ሦስት ነበሩ። ቆጥረናቸዋል። ከወለል እስከ ጣሪያ ተደርድረው፣ በሲባጎ ታስረው፣ ጎናቸው ላይ ዓመተ ምሕረቱ በቀይ እስክሪብቶ ተጽፎባቸው በዓይናችን አይተናቸዋል። ከ1952 ይጀምራሉ፤ 1989 ላይ ያበቃሉ። አንድ ፎቶ ቤት በ37 ዓመት ውስጥ ያነሣው ሰው ሁሉ ኔጋቲቩ እዚያች ጓዳ ውስጥ ነበር። ባለቤቱ አዛውንት በሩን ወለል አድርገው ከፍተው «ውሰዱልኝ ልጆቼ፤ እኔ ደክሞኛል» አሉን። እኛስ ምን አልን? «ነገ እንመጣለን ጋሼ» አልን።

አልመጣንም።

አራት ነበርን። ሁለቱ ፎቶ አንሺዎች፣ አንዷ ታሪክ የተማረች፣ እኔ ስለ ሥዕልና ስለ ፎቶግራፍ በየመጽሔቱ የምሞነጫጭር። ማኪያቶ ይዘን በተቀመጥን ቁጥር ወሬያችን አንድ ነበር፤ የአገራችን የፎቶግራፍ ታሪክ ገና አልተሰበሰበም። ቤድሮስ ቦያጂያን ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ፣ ልጆቹ ሃይጋዝና ቶኒ ደግሞ እስከ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ድረስ ለቤተ መንግሥት ፎቶ ማንሣታቸውን እናውቃለን። ሪቻርድ ፓንክረስትና ዴኒ ዤራር እ.ኤ.አ. በ1996 ባሳተሙት መጽሐፍ እ.ኤ.አ. ከ1867 እስከ 1935 የተነሡ ፎቶግራፎችን ሰብስበው አሳይተውናል። ከዚያ በኋላስ? ጸሐፊውን፣ ነርሷን፣ ሾፌሩን፣ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈታኙን ያነሡት የሰፈር ፎቶ ቤቶች ሥራ የት ገባ? ይህን እየጠየቅን ዓመታት አስቆጠርን። መልሱ ጓዳ ውስጥ በሲባጎ ታስሮ ሲሰጠን ግን እጃችንን ሳንዘረጋ ቀረን።

ጋሼ በዚያ ቀን አንዱን ካርቶን ፈትተው ፖስታ አወጡ። ፖስታው ላይ ስም፣ ቀንና ቁጥር አለ። ቁጥሩ ጠረጴዛው ላይ ካለው ትልቅ መዝገብ ጋር ይገናኛል። ኔጋቲቩን ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አድርገው ያዙልን። አፍሮው ነጭ፣ ሸሚዙ ጥቁር ሆኖ የሚታይ ወጣት ነው። «በስድሳ ስምንት ለመታወቂያ ጉርድ ፎቶ ተነሣ። በሰባ እናቱ መጡ» አሉ።

እናቶች ይመጡ ነበር። በቀይ ሽብር ጊዜ ፎቶ ጠላት ነበር። ቤት ሲፈተሽ ከማን ጋር እንደቆምክ ፎቶው ይመሰክርብሃል። ስለዚህ ሰው አልበሙን ምድጃ ውስጥ ከተተ። ልጁ ሄደ፤ ፎቶውም ሄደ። የልጇ ፊት ከዓይኗ እየጠፋ ያስቸገራት እናት ወደ ፎቶ ቤቱ ትመጣለች። ጋሼ መዝገቡን ይገልጣሉ፣ ቁጥሩን ያገኛሉ፣ ጨለማ ክፍል ይገባሉ፣ አጥበው ይሰጧታል። «ከእነሱ ሒሳብ ተቀብዬ አላውቅም» አሉን። አንገታችንን ደፍተን ሰማን። አንዷ እንባዋን ጠረገች። ከዚያ ወጥተን ማኪያቶ ጠጣን።

እነዚያ ካርቶኖች የአንድ ከተማ ሁለተኛ አልበም ነበሩ። የመጀመሪያውን አልበም ፍርሃት አቃጠለው፤ ማን ይፈርድበታል? ሁለተኛውን ግን ምን አጠፋው? ጦርነት ነው? ረሃብ ነው? ካድሬ ነው? ማንም አላስፈራራንም። ማንም በሌሊት በራችንን አላንኳኳም። ያጠፋነው እኛ ነን፤ በደህና ቀን፣ ጠግበን፣ ስልካችንን እየነካካን።

ገንዘብ አልነበረም እንዳንል፣ ነበረ። የብሪታንያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ለጥፋት የተጋለጡ መዛግብትን በዲጂታል ለሚቀዱ ሰዎች ገንዘብ ይሰጣል። ዋናው ካለበት አገር አይወጣም፤ የሚሰራጨው ቅጂው ነው። የእኛው አገር ብራናዎች በዚህ ገንዘብ ተቀድተዋል። ይህ አንዱ ነው። እኛ እጅ የገባው የሌላ ድርጅት ጥሪ ነበር። የጠየቀን ቀላል ነው፤ የሁለት ገጽ ሐሳብ፣ በጀት፣ ስብስቡ ያለበትን ሁኔታ የሚያሳዩ ጥቂት ፎቶዎች፣ ከአንድ ተቋም የድጋፍ ደብዳቤ። የተሰጠን ጊዜ ስድስት ሳምንት።

ስድስቱን ሳምንት ምን አደረግንበት?

አንደኛው ሳምንት በስም አለቀ። ፕሮጀክቱ ምን ይባል? ሎጎ ተሠራ፤ ሦስት ዓይነት ሎጎ። ሁለተኛው በሹመት አለቀ። ማን ዳይሬክተር ይሁን? የማን ስም ይቅደም? ሦስተኛው በበጀት አለቀ። አንዱ አዲስ ካሜራ ይገባኛል አለ፤ ሌላው ውጭ አገር የልምድ ልውውጥ። ለካርቶኖቹ መደርደሪያ የሚል መስመር ግን በጀቱ ላይ አልነበረም። በአራተኛው ሳምንት ሁላችንም «ተወጥረን» ነበር። ሰርግ የሚያነሣው ሰርግ ላይ፣ ወርክሾፕ የሚሄደው ወርክሾፕ ላይ። እኔ ደግሞ፣ ልናገረውና ይውጣልኝ፣ ለአንድ መጽሔት ስለ ቅርስ ጥበቃ እየጻፍኩ ነበር። በአምስተኛው ሳምንት ደብዳቤው ትዝ አለን። የሄድንበት ቢሮ ደብዳቤውን ወዲያው ጻፈልን፤ ማኅተም የያዘችው ሠራተኛ ግን ፈቃድ ላይ ነበረች። «ሰኞ ኑ» ተባልን። ሰኞ ማን ሄደ? እኔ ታሪክ የተማረችው ትሄዳለች አልኩ፤ እሷ ፎቶ አንሺዎቹ ይሄዳሉ አለች፤ እነሱ እኔን ጠበቁ። በስድስተኛው ሳምንት የማመልከቻው ቀን አለፈ።

ማኅተም ያዧን እንውቀስ? ቢሮክራሲውን እንርገም? ለምደነዋል፤ ይቀናን ነበር። ግን ከዚያ በፊት የነበረውን አንድ ወር ማን ያዘን? ማኅተሙ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ነበር። የዘገየነው እኛ ነን።

ይሁን። ፈንዱ አመለጠ እንበል። ካርቶኖቹ ለምን አብረው አመለጡ? ሆዴን የሚያቃጥለው ይኼ ነው። ፈንድ የሚያስፈልገው ለመቅዳት ነበር፤ ስካነር ለመግዛት፣ ሰው ለመቅጠር፣ መዝገቡን ኮምፒውተር ውስጥ ለማስገባት። ለማዳንስ ምን ያስፈልግ ነበር? አንድ አይሱዙ። ግማሽ ቀን። አንድ ደረቅ ክፍል። የአራታችን የአንድ ወር የማኪያቶ ሒሳብ የመኪናውን ኪራይ ይችለው ነበር። ተሸካሚ እንኳ አያስፈልገንም፤ አራት ጤነኛ ሰዎች ነበርን። ያለ ማንም ፈቃድ፣ ያለ ማንም ማኅተም፣ ያለ ማንም ዶላር የምንሠራውን ሥራ ዶላሩ እስኪመጣ ብለን አስቀመጥነው። ዶላሩ ሲቀር ሥራውም የቀረ መሰለን።

ጓዳው ራሱ እየነገረን ነበር። ኮምጣጤ ኮምጣጤ ይሸታል። «ጋሼ እዚህ ሰላጣ ይሠራሉ እንዴ?» ብለን ሳቅን። አሴቴት ፊልም መበላሸት ሲጀምር የሚያወጣው ሽታ ነው፤ ከመካከላችን ሁለቱ ፎቶ አንሺ ነን ባዮች ነበሩ። ኔጋቲቮቹ እየሞቱ ነበር። እኛ አፍንጫችንን ይዘን ወጣን።

ሌላ ቦታ ሌላ ሆኗል። የማሊው ሴይዱ ኬይታ እ.ኤ.አ. በ1948 ባማኮ ውስጥ ፎቶ ቤት ከፍቶ የከተማውን ሰው አነሣ። እንደ እኛው ጋሼ ነው፤ የሰፈር ፎቶ አንሺ። ስቱዲዮውን ከዘጋ በኋላ ኔጋቲቮቹን አልጣላቸውም። እ.ኤ.አ. በ1991 ፎቶዎቹ ኒው ዮርክ ላይ ስሙ ሳይጠቀስ ለእይታ ሲቀርቡ፣ አንሺው ማን ነው ብሎ ባማኮ ድረስ የሚሄድ ሰው ተገኘ። ሰውዬውም በሕይወት ነበር፤ ኔጋቲቮቹም ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1994 ፓሪስ ሥራዎቹን ለብቻቸው አቀረበች። የአገሩ ልጅ ማሊክ ሲዲቤ እ.ኤ.አ. በ2007 ከቬኒስ ቢየናሌ የወርቅ አንበሳ ተሸለመ። ኋላም የማሊ ፎቶ አንሺዎችን ኔጋቲቮች የሚያጸዳ፣ የሚቀዳና የሚመዘግብ ፕሮጀክት ወደ 100,000 ኔጋቲቭ ለማዳን ተነሣ። በምን? በፈንድ። ፎርሙን ሞልቶ በሰዓቱ ባስገባ ሰው። ባማኮ ከአዲስ አበባ በምን ትበልጣለች? ለፊልም የሚስማማው ብርዱ እንኳ ያለው እኛ ጋ ነው።

ደግሞስ እኛ አቅቶን ያውቃል? እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ ተጀመረ። በዓመቱ አብዮት ፈነዳ። ሥራው ግን ቀጠለ፤ ወደ 9,000 የሚጠጉ መጻሕፍት ተነሡ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በጥይት ተመትተው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው፣ ሚኒሶታ ተቀምጠው ያንን ማይክሮፊልም አንድ በአንድ እያነበቡ ካታሎግ አደረጉት። እ.ኤ.አ. በ1988 የማክአርተር ሽልማት ተሰጣቸው። ሽመልስ ደስታ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ነበሩ፤ በስደት ሲወጡ ኔጋቲቮቻቸው ለንደን ገቡ፤ ዛሬም ሥራቸው የሚታየው ስለተረፈ ነው። ስደተኛው አተረፈ። በጥይት የተመቱት ሠሩ። እግር ያለን፣ ቤታችን የተቀመጥን እኛ አንድ ጓዳ ማራገፍ አቃተን?

ከዚያ ደግሞ «በዚህ አገር የጥበብ ሰው እንጀራ የለውም» እንላለን። አፋችን አይያዝም። ፎቶ አንሺዋ አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ፎቶ ፌስትን ስትጀምር ከየአገሩ የመጡ ባለሙያዎች ፊታችን ቆሙ። እኛ ምን አደረግን? ቢዝነስ ካርድ አደልን። «ፈንድ የሚገኘው ከየት ነው?» ብለን ጠየቅን። እነዚያ 43 ካርቶኖች የአራት ሰው የዓመታት ሥራ ነበሩ። የሚቀዳ፣ የሚመዘግብ፣ እናቶቹን እየፈለገ ታሪካቸውን የሚቀርጽ፣ ዐውደ ርእይ የሚያዘጋጅ፣ መጽሐፍ የሚጽፍ ይፈልጉ ነበር። እንጀራው ጓዳው ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 ከየቤተሰቡ አልበም የተለቀሙ ፎቶዎችን የያዘው «ቪንቴጅ አዲስ አበባ» ታትሞ ሲወጣ ገጹን እየገለጥን «እኛም እኮ…» አልን። እኛም እኮ ምን? በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል ያለው ሰው እኛን አይቶ ነበር እንዴ?

ጋሼ አረፉ። የሰማነው ከአርባቸው በኋላ ነው። የእኛ «ነገ» ሰባት ወር ሆኖታል። ልጆቻቸው ጓዳውን ለማከራየት አጸዱት። በልጆቹ አንፈርድም፤ አንድ ቀን ሄደን ይህ ነገር ዋጋ አለው አላልናቸውም። ካርቶኑን ቆራሌው ወሰደው፤ ለካርቶንነቱ። መዝገቡ ወረቀት ነውና በኪሎ ተሸጠ። ኔጋቲቩን ግን የፈለገው የለም። ማዳበሪያ ውስጥ ተጠቅጥቆ ቆሻሻ ገንዳ ገባ። ካርቶኑ ገዢ ሲያገኝ ውስጡ ያለው ሕዝብ ገዢ አጣ።

እኛ ስለ መቅደላ ስንናገር ጉሮሯችን እስኪነቃ ነው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1868 መጻሕፍታችንን በዝሆንና በበቅሎ ጫነ እንላለን። እውነት ነው፤ ጫነ። ይመለስም። የጋሼን ካርቶኖች የጫነው ግን የማን ዝሆን ነው? የትኛው ጄኔራል ዘመተብን? በጉልበት የተወሰደብንን እየቆጠርን በስንፍና የጣልነውን ማን ይቁጠርልን? ለተዘረፈው ሙዚየም ፊት ሰልፍ ይወጣል። ለዚህኛው የት ሄደን እንሰለፍ? እያንዳንዳችን በየመስታወታችን ፊት ካልሆነ በቀር!

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነውና ሮጠን ደረስን። ጓዳው ተጠርጎ፣ ኖራ ተቀብቶ ነበር። በሩ ሥር አንድ ፖስታ ወድቆ አገኘን። ውስጡ ሦስት ኔጋቲቭ አለ። ስሙን ውኃ በልቶታል። ቁጥሩ ይነበባል፤ 11648። ነጠላ የለበሰች ሴት ሕፃን ታቅፋለች። ማን ናት? ሕፃኑስ የት አለ፤ አሁን አባት ይሆን፣ እናት ትሆን? በቁጥሩ ፈልጎ የሚነግረን መዝገብ በኪሎ ተሸጧል። ፖስታውን መሳቢያዬ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ።

አንተ ይህን የምታነበው፣ አባትህ ፎቶ ቤት ነበራቸው? አንቺስ፣ የአጎትሽ ጓዳ ውስጥ ማንም የማይከፍተው ሣጥን አለ? ፈንድ እስኪገኝ አትጠብቁ። ተቋም እስኪመጣ አትጠብቁ። እንደ እኛ ያሉ ማኪያቶ ጠጪዎች «ነገ እንመጣለን» ቢሏችሁ አትመኑ። ዛሬ ማታ ሣጥኑን ከእርጥብ ወለል ላይ አንሡት። መዝገቡን ከፖስታዎቹ አትለዩት። ፎርሙ ነገ ይሞላል።