ሸክሙን እንመዝነው

አንባቢዬ ሆይ! ደመወዝ በተቀበልህበት ማታ ልብህ በመደሰት ፈንታ ለምን እንደሚከብደው ራስህን ጠይቀህ ታውቃለህን? ገንዘቡ በኪስህ ሳያድር የታናሽ እኅትህ የትምህርት ወጪ፣ የአባትህ የማዳበሪያ ዕዳ፣ የአጎትህ ልጅ ሠርግ ተራ ይዘው ይጠብቁታል። ተማሪ ብትሆንም አታመልጥም፤ «ተመርቀህ ታወጣናለህ» የሚለው ቃል ከፈተናው ይልቅ እንቅልፍ ይነሣሃል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ዓ.ም. ከሥራ የሚመጣውን የመንፈስ መዛል፣ በሽታ ነው ሳይል፣ በመዝገቡ ሲያሰፍር ነገሩን በሥራ ቦታ ብቻ ወስኖታል። በቤተ ዘመድ መካከል ለሚያድረው ድካም ግን መድኃኒቱን እኛው መፈለግ አለብን።

እኔ በአዲስ አበባ በጽሕፈት ሥራ ስተዳደር፣ አንድ ዓመት ለፋሲካ አገር ቤት ወርጄ ደመወዜን፣ የቤት ኪራዬንና የምግቤን ወጪ አንድ በአንድ ለአባቴ አነበብሁላቸው። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፣ «ልጄ፣ እኔም አንተን ለማስተማር የተበደርሁትን ገና ከፍዬ አልጨረስሁም» አሉኝ። ለካ ያው አንዱ ሸክም ኖሯል ሁለታችንንም ያጎበጠን! የዚያን ዕለት በየወሩ የምልከውን ልክ ተስማምተን ቆረጥን፤ ታላቅ ወንድሜም ድርሻውን ያዘ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ ብሩ ባይበዛም የአባቴ ስልክ ሲጠራ ደስ እያለኝ ማንሣት ጀመርሁ።

ልክ ማበጀት ወላጅን መካድ የሚመስለው ቢኖር ሕጉን ይመልከት። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወላጆችና ልጆች፣ ወንድሞችና እኅቶችም ቀለብ እንዲሰጣጡ ያዛል። ሆኖም ቀለቡ ለተቸገረና ሠርቶ ለማደር ላልቻለ ሰው ነው፤ መጠኑም የሚወሰነው የጠያቂው ችግርና የሰጪው አቅም ተመዝኖ ነው። ዳኛ እንኳ የልጅን አቅም ሳይመዝን የማይፈርድ ከሆነ፣ የሚወድህ አባት ቢነገረው እንዴት አይመዝንልህም?

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ለመጪው በዓል አገርህ ስትገባ ከስኳሩና ከቡናው ጋር የወር ሒሳብህን በወረቀት ጽፈህ ያዝ። ወረቀቱን ከመዘርጋትህ በፊት ግን ከእናትና ከአባትህ አጠገብ ተቀምጠህ፣ «እናንተስ ምን አደከማችሁ?» ብለህ ጠይቃቸው። ምናልባት ይህን ከጠየቃቸው ሰው የመጀመሪያው አንተ ትሆናለህ።