አልጋው አጠገብ የተማርነው

በ1970ዎቹ ሕክምና ስንማር ከታካሚ ጋር መነጋገርን የሚያስተምር ኮርስ አልነበረንም። አናቶሚው፣ ፊዚዮሎጂው፣ ፋርማኮሎጂው እንቅልፍ የሚያሳጣ ፈተና ነበረው። የሐኪም አነጋገርና ጠባይ ግን ክፍለ ጊዜ አልተመደበለትም፤ ማርክም አይያዝበትም። የምንማረው ጠዋት ጠዋት ራውንድ ላይ ነበር፤ ነጭ ጋውናችንን ለብሰን ሲኒየሮቹን ከአልጋ አልጋ እየተከተልን፣ የሚሉትንና የሚያደርጉትን እያየን። መምህሩ ጥሩ ከሆነ ጥሩ እንማራለን።

እኔ የገጠሙኝ የውስጥ ደዌ መምህር ጥሩ ነበሩ። ወደ ክፍሉ ሲገቡ ካርድ አያስመጡም። ቀጥ ብለው ወደ ራስጌው ይሄዱና የታካሚውን እጅ ይይዛሉ። «እንደምን አደሩ አባቴ? እግዜር ይማርዎ። ሌሊቱን እንቅልፍ ወሰድ አደረገዎ?» ታካሚው ሙስሊም ከሆኑ «አላህ ያሽርዎ» ይላሉ። እጅ ይዘው ሲያወሩ የልብ ምት እየቆጠሩ፣ የገላውን ሙቀትና ላብ እየለዩ እንደነበር የገባን ቆይቶ ነው። ከዚያ ወሬው ወደ ቀዬ ይሄዳል። «አዝመራው እንዴት ነው? ማን እያጨደልዎ ነው?» ያን ጊዜ የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና ዓመት ይፈጅ ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ደግሞ በየቀኑ የስትሬፕቶማይሲን መርፌ መወጋት ግድ ነው። አጫጅ የሌለው ገበሬ ኅዳር ሲገባ መርፌውን ጥሎ ወደ ማሳው እንደሚሄድ መምህራችን ያውቃሉ። ስለዚህ መልሱ «ኧረ ማንም የለኝ» ከሆነ ወንድም ወይም አማች እንዲጠራ ያደርጋሉ፤ መርፌውን እዚያው በቅርባቸው እንዲወጉ ለአገራቸው ጤና ጣቢያ ደብዳቤ ይጽፋሉ። የአዝመራው ጥያቄ ራሱ ሕክምና ነበር።

ዛሬ ይኸው ነገር ስም፣ ክፍለ ጊዜና ማርክ አለው። ተማሪው የሚለማመደው በክህሎት ላቦራቶሪ ውስጥ፣ ታካሚ ሆኖ እንዲተውን በሠለጠነ ሰው ፊት ነው። ታካሚ ተዋናይ የማሠልጠኑን ነገር የጀመሩት ሀዋርድ ባሮውስ የተባሉ የነርቭ ሐኪም ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ፣ ሎስ አንጀለስ ላይ። ፈተናው ኦስኪ ይባላል። እሱም የስኮትላንዱ ሮናልድ ሀርደን ከዳንዲ እ.ኤ.አ. በ1975 ያስተዋወቁት ዘዴ ነው። ተማሪው ከጣቢያ ጣቢያ ይዞራል፤ ደወል ሲደወል ወደሚቀጥለው ያልፋል። ፈታኙ ቼክሊስት ይዞ ጥግ ላይ ይቀመጣል። ሰላምታ ሰጠ? ራሱን አስተዋወቀ? እጁን ታጠበ? ፈቃድ ጠየቀ? ሳያቋርጥ አዳመጠ? የሰማውን አጠር አድርጎ መልሶ ነገረ? ለእያንዳንዱ ምልክት ይደረጋል፤ ይደመራል።

ዝርዝሩ እንዲሁ ከመሬት አልተነሳም። ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን 74 የታካሚና የሐኪም ውይይቶችን በቴፕ ቀድተው ያጠኑትን እ.ኤ.አ. በ1984 አሳትመዋል። ሐኪሞቹ ታካሚውን የሚያቋርጡት በአማካይ ከ18 ሰከንድ በኋላ ነበር። መጀመሪያ የጀመሩትን ነገር እስከ መጨረሻው የተናገሩት ታካሚዎች ከመቶ 23ቱ ብቻ ናቸው። ከሁለት ቀን መንገድ የመጣ ሰው በ18 ሰከንድ ውስጥ ከሰላምታና ከአገሩ ስም የሚያልፍ አይመስለኝም። እኛ ዘንድ ሰው ሕመሙን የሚነግረው ዙሪያውን ዞሮ ነው፤ ዋናው ጉዳይ መጨረሻ ላይ፣ አንዳንዴም በሩ ላይ ቆሞ ይመጣል። ስለዚህ ተማሪን «አፍህን ያዝና ስማ» ብሎ በሕግ ማስተማሩን ከልቤ እደግፈዋለሁ።

ደግሞም የድሮው ሁሉ እንደ እኒያ መምህር አልነበረም። ታካሚውን በአልጋ ቁጥሩ ብቻ የሚጠሩ ነበሩ። ሽበታም ሽማግሌን «አንተ፣ ዙር» የሚሉ ነበሩ። ብዙ ወንድ ተማሪ በከበበበት የአንዲትን እናት ልብስ ሳያስፈቅዱ የሚገልጡ ነበሩ፤ እናትየዋ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ትስባለች፣ ማብራሪያው ይቀጥላል። ውይይታችን በእንግሊዝኛ ስለሆነ የታካሚው ነገር በራሱ ላይ እየተወራ እሱ አይሰማውም። ጣሪያ ጣሪያውን ያያል፣ ፊታችንን ያነባል። አንዳችን ሳቅ ካልን ደህና ነኝ ይላል፤ ሲኒየሩ ግንባሩን ከቋጠረ ያ ቀን ለእሱ ጨለማ ነው። ጥያቄ ያልመለሰ ተማሪም እዚያው ታካሚው ፊት ይሰደባል። ስድቡ ጎበዝ ያደርጋል ይባል ነበር። ያደረገው ግን ነገሩን ማውረስ ነው፤ ከተሰደብነው ብዙዎቻችን ሬዚደንት ሆነን ስንሰድብ ታይተናል።

ዛሬ ይህ ቀንሷል። ጠፍቷል አልልም፤ ነገር ግን ስም ወጥቶለታል፣ ይከሰሳል። በ2008 ዓ.ም. የተጀመረው የጤናው ዘርፍ ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከዋና አጀንዳዎቹ አንዱ አድርጎ ያዘው። ቃሉ በየሆስፒታሉ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ፤ ሥልጠናም ተሰጠበት። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ቃል ሰው እንደማይለውጥ የሚከራከሩኝ ባልደረቦች አሉ። እኔ ግን አንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ መጋረጃ ሳይሳብ ምርመራ የጀመረ ሬዚደንትን «ዶክተር፣ መጋረጃውን ልሳበው?» ስትል ሰምቻለሁ። በእኔ ጊዜ ይህን የሚል አፍ አልነበረም።

ሌላም የተገኘ ነገር አለ፤ ማንም ያሰበበት አይመስለኝም። እኛ ስንማር የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ፦ እ.ኤ.አ. በ1964 የተከፈተው የአዲስ አበባው፣ ከጤና ኮሌጅነት ያደገው የጎንደሩ፣ በኋላም የጅማው። አማርኛ የማይሰማ ታካሚ ሲመጣ የጽዳት ሠራተኛዋ ትጠራለች፣ ወይም አጠገቡ የተኛው ሰው ያስተረጉማል። የአባለዘር በሽታ ታሪክ በጎረቤት አልጋ አስተርጓሚነት ሲወሰድ አስቡት። ትምህርት ቤቶቹ በየክልሉ ከተስፋፉ ወዲህ ተማሪው ከየአቅጣጫው ነው። በአፋን ኦሮሞ፣ በሲዳምኛ፣ በሶማሊኛ ታሪክ የሚወስድ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ ከመካከላቸው አይጠፋም። ይህ አንድም ቼክሊስት ላይ የለም፤ ለታካሚው ግን ከብዙ ምልክት ይበልጣል።

የሚከብደው ክፉ ዜና መንገር ነበር። መምህራችን ካንሰር ሲያገኙ ለታካሚው አይናገሩም። ታላቁን ልጅ ወይም ወንድሙን ኮሪደር ላይ ጠርተው፣ ትከሻውን ይዘው፣ ቀስ ብለው ይነግሩታል። ቤተሰቡ ያውቃል፣ ታካሚው ይጠረጥራል፣ ሁሉም ዝም ይባባላል። አመጣጡ ይገባኛል። የመርዶ ሥርዓታችን ሰውን ለብቻው አያስደነግጥም። ዘመድ ወዳጅ አስቀድሞ ይሰበሰባል፣ ማን እንደሚናገር ይመረጣል፣ ማለዳ ተጠብቆ ነው የሚነገረው፤ ሐዘንተኛው ሲወድቅ የሚደግፈው እጅ አጠገቡ አለ። መምህራችን ይህን ሥርዓት ወደ ሆስፒታል አምጥተውት ነበር። መደበቁም የእኛ ብቻ አልነበረም፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ቺካጎ ውስጥ ከተጠየቁ ሐኪሞች ከመቶ 90ዎቹ ካንሰርን ለታካሚ አለመንገርን እንደሚመርጡ ተናግረዋል። እ.ኤ.አ. በ1979 በተደረገ ተመሳሳይ ጥናት ግን ከመቶ 97ቱ እንነግራለን አሉ። እዚያ ነገሩ የተገለበጠው ሀያ ዓመት ባልሞላ ጊዜ ነው።

መደበቁ ያስከፈለውን ዋጋ ግን አይቻለሁ። አንድ ነጋዴ ነበሩ፤ ልጆቻቸው «ጨጓራ ነው» ብለዋቸው፣ ሲድኑ የሚሠሩትን ቤት መሠረት አስጥለው፣ ዕዳቸውንና የሰጡትን ብድር ለማንም ሳይናገሩ ሞቱ። ልጆቹ ዓመታት ፍርድ ቤት ተመላለሱ። የሚያስታርቁትን ሰው ሳያስታርቁ፣ ንስሐ አባታቸውን ሳያስጠሩ የሄዱም ብዙ ናቸው።

አሁን ተማሪዎቻችን እ.ኤ.አ. በ2000 ቤይሊ፣ በክማንና ባልደረቦቻቸው ያሳተሙትን ባለ ስድስት ደረጃ መንገድ ይማራሉ፦ ገለል ያለ ቦታ ማዘጋጀት፣ ታካሚው ምን እንደሚያውቅ መጠየቅ፣ ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ መጠየቅ፣ መንገር፣ ስሜቱን መቀበል፣ ቀጣዩን አብሮ ማቀድ። ብዙ ጊዜ ተማሪዎቹ አራተኛው ላይ ይቸኩላሉ። ለእኛ ሰው ዋናው ሦስተኛው ነው። «ውጤቱን ለእርስዎ ልንገርዎ? ወይስ አብሮዎት እንዲሰማ የሚፈልጉት ሰው አለ?» የሚለው ጥያቄ የታካሚውንም መብት የመርዶውንም ሥርዓት በአንድ ላይ ይጠብቃል። አሜሪካ የሄዱ ወገኖቻችን የዚህን ጥያቄ መቅረት በራሳቸው ላይ አይተውታል። ተመራማሪዋ የውብዳር በየነ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተመችው ጽሑፍ ለኢትዮጵያውያን ስደተኞች ክፉ የጤና ዜና ቤተሰብ ሳይኖር ፊት ለፊት ሲነገር ምን እንደሚፈጠር ለአሜሪካ ሐኪሞች አስረድታለች። ያ ጽሑፍ እዚህ አገር ባለ የሕክምና ተማሪ ሁሉ እጅ መግባት ነበረበት።

እኛ ራውንድ ስንወጣ በአንድ አልጋ ዙሪያ የምንቆመው ጥቂት ነበርን። መምህሩ የእያንዳንዳችንን ስም፣ የአባታችንን ስም፣ ማን እንደሚያረፍድ ያውቃሉ። አርፍዶ የመጣ በር ላይ ይቀራል። ያልመረመረውን «መርምሬያለሁ» ብሎ የጻፈ ተማሪ ከዚያ ቀን በኋላ እምነት አይጣልበትም። ይህን ማንም ፕሮፌሽናሊዝም ብሎ አልነገረንም፤ ነገር ግን ጥብቅ ነበር። ጥብቅነቱም ልክ እንደነበረ በኋላ ማስረጃ መጥቷል። ፓፓዳኪስና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት የአሜሪካ ጥናት፣ በሥራ ላይ በፈቃድ ሰጪ ቦርዶች የተቀጡ ሐኪሞች በተማሪነታቸው የጠባይ ችግር ታይቶባቸው የነበረበት ዕድል ካልተቀጡት ሦስት እጥፍ ነበር። ከሁሉም የጎላው ኃላፊነት የጎደለው መሆን ነው።

አሁን አንዱን አልጋ የሚከበው ተማሪ ብዙ ነው። የትምህርት ቤቶቹ ቁጥር ዘለለ፤ በ2004 ዓ.ም. ብቻ 13 ተቋማት በአዲስ ሥርዓተ ትምህርት ተማሪ መቀበል ጀመሩ። አገሩ ሐኪም ያስፈልገው ስለነበር አልቃወምም። ነገር ግን ከኋላ የቆመው ተማሪ ታካሚውንም መምህሩንም አያይም፤ ስልኩን ያያል። የታካሚ ራጅ ከነስሙ ተነሥቶ በቴሌግራም ሲዞር አይቼ አስጠፍቻለሁ። ሲኒየሩም ብዙ ቀን ለራውንድ አይደርስም። ደመወዙ ስለማይበቃው ከሰዓት በግል ክሊኒክ ይሠራል፤ ስብሰባም ሪፖርትም አለበት። አልጋው አጠገብ የቀረው የደከመ ሬዚደንት ነው፤ ሌሊቱን ተረኛ ሆኖ ያደረ፣ ኮሪደሩ ሰው ሞልቶ የሚጠብቀው።

ተማሪው ሐኪም መሆንን የሚማረው ከእሱ ነው። በኦስኪው ሙሉ ማርክ ያገኘ አንድ ልጅ በሳምንቱ ዋርድ ውስጥ «ቤድ ሰባት፣ ተነስ» ሲል ሰማሁት። ለብቻው ጠርቼ ጠየቅሁት። «ዶክተር፣ ላቦራቶሪው ውስጥ ጊዜ ይሰጠናል፤ እዚህ ሁሉም እንደዚህ ነው የሚሠራው» አለኝ። እውነቱን ነው። ልጁ ሁለት ትምህርት ተምሯል፤ አንዱን ለፈተና፣ አንዱን ለሥራ። ዋርዱ ውስጥ የሚያየው ክፍል ውስጥ የሰማውን ያሸንፈዋል።

ስመዝነው ቼክሊስቱ ይቆይ እላለሁ። ደግ መምህር ላልገጠመው ተማሪ ዝቅተኛውን ወለል አስይዞታል። ታካሚው የራሱን ሕመም የማወቅ መብት አግኝቷል፤ ይህን ከድሮው ጋር አልለውጠውም። የጎደለው መምህሩ ነው፤ በአካል፣ አልጋው አጠገብ፣ እጅ ይዞ ሲጠይቅ የሚታይ ሰው። ይህን የትኛውም ላቦራቶሪ አይተካውም። ለሐኪም መምህራን ጊዜና የሚያኖር ደመወዝ ካልተሰጠ ደግሞ ማንም ከየትም አያመጣውም፤ ትምህርት ቤት የሚከፍቱ ባለሥልጣናት ይህን ከሕንፃው ጋር አብረው በጀት ይያዙለት።

ለባልደረቦቼ ሲኒየሮች ግን በጀት የማይጠይቅ ልመና አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ ለታካሚ ክፉ ዜና ልትነግሩ ስትገቡ፣ ታካሚውን አስፈቅዳችሁ አንድ ተማሪ ይዛችሁ ግቡ። ወንበር ስባችሁ ተቀመጡ፣ እሱም ይቀመጥ። ስትወጡም ያየውን ጠይቁት።