አዲሱ ዲስክ በደቻቱ አሸዋ ላይ

ድሬዳዋ፣ ደቻቱ ወንዝ፣ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል። ወንዙ ደረቅ ነው። በበጋ ከመጋላ ሰፈር ወደ ከዚራ ሰፈር የሚሻገር ሰው ድልድዩን ትቶ አሸዋውን አቋርጦ ያልፋል፤ ወጣቶች ድንጋይ ጎል አቁመው ኳስ ይጫወታሉ፤ ፍየሎች በመሃላቸው ይመላለሳሉ። ከሰዉ ራቅ ብዬ ወደ ተራሮቹ አቅጣጫ ሽቅብ ሄድኩ። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ አሮጌ ሚድሬንጅ (የመካከለኛ ርቀት ዲስክ) እና አንድ አዲስ ድራይቨር ይዣለሁ። አዲሱ የኢኖቫ ኩባንያ ዲስትሮየር ነው፤ ክብደቱ 175 ግራም።

ጨዋታውን ለማያውቅ ጥቂት ልበል። ዲስክ ጎልፍ አካሄዱ የጎልፍ ነው፤ በዱላና በኳስ ፈንታ ግን ዝርግ የፕላስቲክ ዲስክ በእጅ ይወረወራል። ሰንሰለት የተንጠለጠለበት ቅርጫት ውስጥ በጥቂት ውርወራ ያስገባ ያሸንፋል። ቅርጫቱን የፈጠረው አሜሪካዊው ኤድ ሄድሪክ ነው። በ1975 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ ውስጥ ኦክ ግሮቭ ላይ የመጀመሪያውን ቋሚ ሜዳ ሲዘረጋ ግን ዒላማዎቹ ተራ ምሰሶዎች ነበሩ። ስለዚህ ደቻቱ ላይ ቅርጫት አለመኖሩ አላሳሰበኝም። ከዳር ያለችው ግራር ትበቃኛለች።

ድራይቨር ለርቀት የተሠራው ዲስክ ነው። ጠርዙ ሰፊና ሹል ስለሆነ አየሩን ሰንጥቆ ይሄዳል። ይህን ቅርጽ ያመጣው ዴቭ ዱኒፔስ ነው፤ በ1983 እ.ኤ.አ. ኤግል የተባለውን ዲስክ ሲሠራ። ከዚያ በፊት የሚወረወረው ዲስክ ጠርዙ እንደ ሰሐን ድቡልቡል ነበር። ዲስትሮየር አራት ቁጥሮች አሉት፦ 12፣ 5፣ -1 እና 3። የመጀመሪያው የሚፈልገው ፍጥነት ነው፤ ሁለተኛው አየር ላይ የመቆየት አቅሙ። ሦስተኛው በቀኝ እጅ፣ ክንድን ከደረት አዙሮ ለሚወረውር ሰው፣ ዲስኩ በፍጥነት ላይ ሳለ ወደ ቀኝ ምን ያህል እንደሚያዘነብል ይናገራል። አራተኛው ፍጥነቱ ሲያልቅ ወደ ግራ ምን ያህል እንደሚታጠፍ።

አዲስ አበባ፣ ጃንሜዳ ላይ ስሞክረው ያ ሦስተኛው ቁጥር ጨርሶ አልታየኝም። ዲስኩ ቀጥ ብሎ ይወጣና ቶሎ ወደ ግራ ይወድቃል። ጉዳዩ የአየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው። የሳሳ አየር ዲስኩን አያነሳውም፣ ወደ ቀኝም አይገፋውም። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሯ ይወፍራል፤ በተለይ በማለዳ፣ ሙቀቱ ሳያሳሳው።

የመጀመሪያውን ውርወራ ዝቅ አድርጌ ለቀቅኩት። ዲስኩ ወጣ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ አዘነበለ፣ እዚያው ቆየ። መቆየቱ ነው ልቤን የነካው። አዲስ አበባ ላይ በሚወድቅበት ርቀት እዚህ ገና እየተንሳፈፈ ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ግራ ተመልሶ ከግራሯ ማዶ ጠጠሩ ላይ አረፈ። ደጋገምኩት፤ ያው ነው። ነፋሱን በፊቴ ስቀበል ወደ ቀኝ የሚያደርገው ማዘንበል ይብሳል፤ ከኋላዬ ሲሆን ቀጥ ይላል። ዲስትሮየርን የማመሰግነው በዚህ ነው፤ ነፋስ አይጥለውም። ጠጠሩ ግን ጨካኝ ነው፣ አዲሱ ጠርዝ ወዲያው ተፋፋቀ።

«ዋርያ! ምንድነው እሱ? ስጠኝ እስቲ!» አለኝ የኳሱ በረኛ፣ ጨዋታውን ጥሎ እየመጣ።

ዲስትሮየሩን ሰጠሁት። ባለ በሌለ ኃይሉ ወረወረው፤ ዲስኩ ወዲያው ወደ ግራ ተጠማዝዞ አሸዋው ውስጥ ተሰካ። ልጁ ጠንካራ ነው፤ ግን ፍጥነት 12 የሚጠይቅ ዲስክ የሠለጠነ ክንድ ይፈልጋል። ጀማሪ ድራይቨር መግዛት የለበትም፣ ሻጩ ምንም ቢል። ሚድሬንጁን ስሰጠው ቀጥ ብሎ ሄደ። ጓደኞቹ ጮኹ። አብራቸው የነበረች ልጅ ተቀብላ ከእሱ አስበልጣ ወረወረች።

«የዓለም ሪከርዱ ስንት ነው?» አለኝ በረኛው።

በ2016 እ.ኤ.አ. ዴቪድ ዊጊንስ የሚባል አሜሪካዊ ኔቫዳ በረሃ ላይ፣ ኃይለኛ ነፋስ ከኋላው ሆኖ፣ 338 ሜትር መወርወሩን ነገርኩት። ልጁ ወደ ድልድዩ ዞሮ በዓይኑ ለካ። «ሦስት የኳስ ሜዳ ከነትርፉ!»

ይህች ከተማ የዲስክ ጎልፍ ሜዳ ይገባታል እላለሁ። ሣር አይጠይቅም፣ ውኃ አይጠይቅም፤ ዛፍና ክፍት መሬት ይበቃዋል። ደቻቱ ውስጥ ግን ቋሚ ነገር መትከል አይገባም። በ1998 ዓ.ም. በሐምሌ መጨረሻ ከተራራ የወረደው ጎርፍ ሰው በተኛበት ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሕይወት ቀጥፏል። ዛሬ የምወረውርበት አሸዋ ያ ውኃ ያለፈበት ነው። ተራሮቹ ላይ ደመና ካለ እዚህ መቆም የለም። ቅርጫት የሚተከል ከሆነ ከፍ ያለ መሬት ላይ ይሁን፤ አሸዋው ለበጋ ማለዳ ልምምድ ይቅር።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ፀሐይዋ ከረረች፣ የዲስኩም ፕላስቲክ በእጄ ላይ ለስለስ ማለት ጀመረ። ሌላ ጊዜ ስመጣ 150 ግራም ገደማ የሚመዝኑ ቀላል ዲስኮች አመጣለሁ፤ ለጀማሪ ክንድ የሚሆኑት እነሱ ናቸው። ሚድሬንጁን ለልጆቹ ትቼላቸዋለሁ። ስሄድ በረኛውና ልጅቷ የግራሯን ቅርንጫፍ መምታት ይቆጠራል ወይስ ግንዱን ብቻ በሚል እየተከራከሩ ነበር። ግንዱን ብቻ አልኳቸው፤ አልተስማሙም።