ጋዙ እስኪያልቅ

ማዱራይ፣ ሕንድ
ጥር 12 ቀን

ይድረስ ለማከብርዎት ለእትዬ፤

የእጅ ጽሑፉ የእኔ አለመሆኑን መቼም አይስቱትም። ቀኝ ዓይኔ ገና አላገገመም፣ ግራው ደግሞ ሞራው እንዳለ ነው፤ ስለዚህ እኔ እናገራለሁ፣ ልጄ ትጽፋለች። ያልኩትን ሁሉ ትጽፍ እንደሆነ ማየት ስለማልችል፣ የቀረ ነገር ካለ ጥፋቱ የእሷ ነው።

«ቀዶ ጥገናው ካለቀ ምን ይጠብቃል? አውሮፕላን ጠፋ ወይ?» ብለዋል አሉ። አውሮፕላኑስ ነበር። የማልሳፈረው ቀኝ ዓይኔ ውስጥ ጋዝ ስላለ ነው። በስልክ ላስረዳዎት ስሞክር «የምን ጋዝ? የምድጃ?» ብለው ስለሳቁ በደብዳቤ ይሻላል ብዬ ነው።

ከጥቅምት ልጀምር። ያን ጊዜ ሞራዬ የወጣበትን ቦታ ያውቁታል፤ ስሙን እዚህ አላነሳም። ሞራው ሲወጣ ሌንሱ የተቀመጠበት ከረጢት ከኋላ ተቀደደ፤ የሞራው ቁራጭም ወደ ዓይኔ ወለል ሰመጠ። ይህ በሠለጠነ እጅም ይደርሳል። መቀደዱ ብቻ ከመቶ አንድ ሁለቱን ያጋጥማል፤ ስለዚህ በእጁ አላዝንም። ያዘንኩት በዝምታው ነው። «ጠብታውን ያድርጉ፣ ይጠራል» ብለው ሸኙኝ። አምስት ሳምንት ሙሉ ጠብታ ስጨምር፣ የማይጠራውን ዓይን ስጠብቅ፣ ዓይኔ ውስጥ ምን እንዳለ የሚያውቅ ሰው ነበረ፤ እኔ ብቻ አላውቅም ነበር።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ማታ መብረቅ አየሁ ስልዎት «በኅዳር ምን መብረቅ አለ?» ብለውኝ ነበር። ትክክል ነበሩ፤ መብረቁ ከሰማይ አልነበረም። ከዚያ ኑግ የተበተነ የሚመስል ጥቁር ነጠብጣብ መጣ፤ ቀጥሎ ከአፍንጫዬ በኩል መጋረጃ። አዲስ አበባ ያየኝ ሌላ ሐኪም ነው ሁሉንም የነገረኝ፤ ከዓይኔ ጀርባ ያለው ብርሃን ተቀባዩ ስስ ሽፋን፣ ሬቲና የሚሉት፣ ከግድግዳው እየለቀቀ ነበር። ቶሎ ካልተሠራ አይመለስም አለ።

እዚህ ላይ የእኔን ስህተት ልንገርዎት። ይህ ሥራ አዲስ አበባም ይሠራል። እኔ ግን አንድ ጊዜ ስለፈራሁ ያመንኩት ሩቁን ነው። የልጄ የሥራ ባልደረባ እናቱን እዚህ አሳክሞ ነበርና እሱ ባለው ተነሳን። ቪዛና ገንዘብ ስናሳድድ ሦስት ሳምንት ሄደ። መጋረጃው የዓይኔን መሃል የነካው በእነዚያ ሦስት ሳምንታት ነው። እርስዎ «አንድ ዓይን ይበቃሃል፣ ባሕር አትሻገር» ሲሉኝ መልስ ያጣሁት፣ ግማሹ ነገርዎ እውነት ስለነበረ ነው።

አራቪንድ የዓይን ሆስፒታል የደረስነው ታኅሣሥ 25 ነው። ሕዝቡን ቢያዩ! የገና ገበያ ነው የሚመስለው፤ ግን ማንም አይጮህም። የመሠረቱት ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ እ.ኤ.አ. በ1976 ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ሲወጡ 58 ዓመታቸው ነበር፤ የጀመሩት በ11 አልጋ ነው። ጣቶቻቸው በሪህ የተጣመሙ ነበሩ አሉ፤ በእነዚያ ጣቶች መቶ ሺህ የሚያልፍ ዓይን ቀደዋል። ዛሬም ከታካሚው ከግማሽ የሚበልጠው የሚታከመው በነፃ ወይም በጣም በተቀነሰ ዋጋ ነው። እኔ ከፋዮቹ ጋር ነበርኩ፤ ሐኪሞቹ ግን ለሁለቱም ወገን አንድ ናቸው።

ያየችኝ ሐኪም ልጄን የምታህል ናት። ገና መጀመሪያ «ቤትዎ የት ነው?» አለችኝ። አገሬን የጠየቀችኝ መስሎኝ «ኢትዮጵያ፣ ደብረ ብርሃን» አልኳት። የፈለገችው ከፍታውን ነበር። 2,800 ሜትር ገደማ ነው ስላት ብዕሯን አስቀመጠች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቁራጩን አውጥተው ሬቲናውን ወደ ቦታው ከመለሱ በኋላ፣ እስኪጣበቅ ድረስ ከውስጥ ደግፎ የሚይዘው ነገር ያስፈልጋል። አንዱ የሲሊኮን ዘይት ነው፤ ዘይት ከሆነ በሳምንት ውስጥ በአውሮፕላን እመጣለሁ፤ ግን ከወራት በኋላ ለማስወጣት እንደገና ልቀደድ ነው። ሌላው ፐርፍሎሮፕሮፔን የሚባል ጋዝ ነው፤ እሱ በራሱ እየሟሸሸ ይጠፋል፤ ግን እስከ ስምንት ሳምንት ይቆያል፤ እስኪያልቅ ድረስ ከፍታ ክልክል ነው። ከፍ ባሉ ቁጥር የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ጋዝ ይሰፋል፤ ይህን ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ! አሁን ዓይኔ ውስጥ ሊሰፋ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ከሲሶ በላይ ይሰፋና ዓይኑን አፍኖ የደም ሥሩን ሊዘጋ ይችላል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው አየር እንኳ ቢበዛ 2,400 ሜትር ላይ እንደመቆም ነው፤ የእኛ ቤት ከዚያ ይበልጣል። ማዱራይ ከባሕር ወለል 150 ሜትር እንኳ አትሞላም።

ልጄ ዘይቱን ወደደች፤ የእሷ ፈቃድ የሁለት ሳምንት ብቻ ነበርና። እኔ ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩበት። ሐኪሟን ጠዋት አንድ ነገር ብቻ ጠየቅኋት፤ «እንደ ድሮው አነባለሁ?» አልኳት። «እንደ ድሮው አይሆንም» አለችኝ፤ «ፊት ለመለየት፣ መንገድ ለመሻገር ሊበቃዎት ይችላል። ሬቲናው እንደገና የሚለቅበትም ጊዜ አለ፤ ያን ጊዜ እነግርዎታለሁ።» በዚህ ቃል ነው የፈረምኩት። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም ነበር፤ ግን የምትነግረኝ ሰው አገኘሁ። ጋዙንም መረጥኩ፤ ሦስተኛ ጊዜ ቢላዋ ሥር ከምተኛ ሁለት ወር ብቀመጥ ይሻለኛል። ልጄም ፈቃዷን አስረዘመች፤ ያለ ደመወዝ መሆኑን ግን እንዳላስጽፈው ነግራኛለች።

ቀዶ ጥገናውን አላራዝመውም። ዓይኔን በመርፌ አደነዘዙት፤ ነቅቼ ነበር። ሌንስም በዚያው አስገቡልኝ፤ እዚሁ ማዱራይ የተሠራ ነው አሉኝ።

የከበደኝ የገናው ሳምንት ነው። ጋዙ ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ከጀርባ ያለውን ሬቲና እንዲደግፍ ፊቴን ወደ ምድር መድፋት ነበረብኝ፤ በየሰዓቱ ለአሥር ደቂቃ ብቻ ቀና እያልኩ፣ ሰባት ቀንና ሌሊት። ግንባሬን ትራስ ላይ ደፍቼ በላሁ፣ ጸለይኩ፣ ተኛሁ። አንገቴ እንደ ዕንጨት ደረቀ። ሰው የማውቀው በእግሩ ሆነ። እዚህ ያገቡ ሴቶች የእግራቸው ጣት ላይ የብር ቀለበት ያደርጋሉ፤ ጠብታ የምታደርግልኝን አስታማሚ በቀለበቷ፣ ጠራጊውን በተረከዙ ንቃቃት ለየሁ። ፊታቸውን በኋላ ሳይ ግራ ገባኝ።

አንድ ነገር ግን ማቀርቀሬ አሳየኝ። እዚህ ሴቶች ማለዳ ደጃቸውን ጠርገው፣ በሩዝ ዱቄት መሬቱ ላይ ኮላም የሚሉትን ሐረግ ይሥላሉ። የመከሩ በዓላቸው ፖንጋል ሰሞን በቀለም ይሞሉታል። ያን ጊዜ ቀና ማለት ቢፈቀድልኝም አንገቴ እምቢ ስላለኝ መንገዱን መሬት መሬቱን እያየሁ ሄድኩ፤ ልጄ «አባባ፣ እንዳትረግጠው» እያለች። ቀን ሰው ረግጦት ይጠፋል፣ በማግሥቱ እንደገና ይሣላል። የከተማው ታላቅ ቤተ መቅደስ የሚናክሺ ነው፤ ስሟ ዓይኗ ዓሣ የመሰለ ማለት ነው ቢሉኝ፣ ለዓይን ሕመምተኛ የምትሆን ከተማ መጣን አልኩ።

ምግቡን እንዳያስቡ። ሩዝና ጥራጥሬ ዘፍዝፈው፣ ፈጭተው፣ አስቦክተው የሚጋግሩት ዶሳ አለ። አፓም የሚሉት ደግሞ መሃሉ ላይ ዓይን ያወጣል። እንጀራ ነው አልልም፤ ግን ሆዴ አልተቀየመውም።

አሁን ከላይ በኩል ማየት ጀምሬያለሁ። ብርጭቆ ውስጥ እንዳለ ውኃ የሚወዛወዝ መሥመር አለ፤ ከመሥመሩ በላይ ጥርት ያለ፣ ከሥሩ ድፍርስ ነው። በየቀኑ ትንሽ ይወርዳል። ትናንት የልጄን ግንባርና ዓይኖች አየሁ፤ አፏ ገና ጋዙ ውስጥ ነው። መሃሉ ላይ ቀጥ ያለው ነገር ትንሽ ይጎብጥብኛል፤ የበር መቃን እንኳ ሆዱን ነፍቶ ይታየኛል። እሱ ይቅርም አይቅር አልተነገረኝም።

እትዬ፣ ይህን ሁሉ ያስጻፍኩት ስለ እርስዎ ግራ ዓይን ነው። «የሱን አይቼ እኔ አልነካም» ብለዋል አሉ። የእኔን ምክንያት አድርገው አይቅሩ። ሞራ አውጥተው በማግሥቱ መንገድ ለመንገድ የሚሄዱ ብዙ ናቸው፤ ዘንድሮ እዚህ ስንቱን አየሁ! ብቻ ከመተኛትዎ በፊት «ችግር ቢመጣ ማን ይነግረኛል?» ብለው ይጠይቁ። ከወጣ በኋላ ብልጭታ ወይም መጋረጃ ካዩ ደግሞ ሰኞን አይጠብቁ፣ ፀበሉም ከሐኪሙ ቀጥሎ ይሁን።

እጄ ላይ «ዓይን ውስጥ ጋዝ አለ» የሚል አምባር አስረውልኛል። ሐኪሟ ስትቆርጠው እደውላለሁ። እስከ የካቲት መጨረሻ አይጠብቁኝ።

ወንድምዎ