በጉልምስና ዕድሜ ታንኳ መቅዘፍን ስለ መማር

ሰው ከ40 ዓመት በኋላ ለአእምሮው የሚሆን ትምህርት ቢጀምር ሁሉ ያመሰግነዋል፤ ለሰውነቱ የሚሆን ትምህርት ቢጀምር ግን ጎረቤቱ ይስቅበታል። እኛ በባሕር ዳር ከተማ በፍርድ ቤት ጸሐፊነት ስንኖር 11 ዓመት ሆነን። የተወለድነው ወንዙ በበጋ በሚደርቅበት በደጋ ሀገር ስለ ሆነ፥ ውኃን የምናውቀው በእንስራና በገንቦ ብቻ ነበር። ከጣና ዳር ቤት ይዘን ሳለ ወደ ሐይቁ ለመውጣት ያላሰብነውም ስለዚህ ነው።

ነገሩን ያስጀመረን ልጃችን ነው። 12 ዓመት በሞላው ጊዜ ከባልንጀሮቹ ጋራ ዋና ተማረ፤ ቀጥሎም ታንኳ ላይ መውጣት ጀመረ። ባለቤታችን «ሄደህ ጠብቀው» ስለምትለን በየቅዳሜው ከዳር ቆመን እንመለከተው ነበር። ነገር ግን አባት ከዳር መቆሙ ምን ይረባል? ልጁ ቢወድቅ መጮኽ እንጂ መድረስ አይቻለንም። ይህም አሳብ እንቅልፍ ስለ ነሣን፥ በ44 ዓመታችን ለመማር ቆረጥን። አስቀድመን ሦስት ወር ያህል በመዋኛ ገንዳ ውስጥ ዋና ተለማመድን፤ በዚያ የነበሩት ተማሪዎች ሁሉ ከወገባችን በታች የሚደርሱ ሕፃናት ነበሩ።

በሌላው ዓለም ሰዎች በሰፊ ሳንቃ ላይ ቀጥ ብለው ቆመው በረጅም መቅዘፊያ የሚሄዱበት ጨዋታ አለ፤ ፓድልቦርድ ይሉታል። ከሐዋይ ደሴቶች ተነሥቶ ወደ ብዙ ሀገር ተሰራጨ። ልጃችን ሥዕሉን በስልክ ባሳየን ጊዜ እንግዳ ነገር ሆኖ አልታየንም፤ የጣና ታንኳ ታላቅ ወንድሙ ይመስላልና። ታንኳ የደረቀ ደንገል በእስር በእስር ሆኖ የተጠፈረ ነው። ውኃ በእስሮቹ መካከል ገብቶ ልብስን ቢያረጥብም፥ የደንገሉ ሆድ አየር ስለ ያዘ በቶሎ አይሰጥምም። ከጥንት ጀምሮ ይህን ሥራ አጥብቀው የሚያውቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። የዘጌ ነጋዴዎችም እንጨት ጭነው በእርሱ ወደ ገበያ ይመጡበታል።

ያስተማሩን አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ናቸው። ቀድሞ ስለ መሬት ጉዳይ ወደ መሥሪያ ቤታችን ሲመጡ ባርኔጣቸውን አውልቀው «ጌታዬ» ይሉን ነበር። ከዳር ሃያ ክንድ ያህል በራቅን ጊዜ ግን «ተቀመጥ! እግርህን ዘርጋ! ወዴት ታያለህ?» አሉን። ጆሯችን በመጀመሪያ ደነገጠ፤ ወዲያውም ነገሩ ተገቢ እንደ ሆነ ገባን። ወደ ምድር ተመልሰን እግራችን ደረቅ መሬት በረገጠ ጊዜ ዳግመኛ «ጌታዬ» አሉን። ይህን ይተዉልን ብለን ብንለምናቸውም እስከ ዛሬ አልተዉም።

የመጀመሪያው ትምህርት የዐይን ነው። ጀማሪ ከታንኳው ሥር ያለውን ውኃ ይመለከታል፤ ውኃውም ስለሚነቃነቅ ራሱ ይዞራል፥ ሰውነቱም እንደ እንጨት ይደርቃል። ሽማግሌው በማዶ ያለውን ዛፍ እንድናይ አዘዙን፤ ዐይናችን በዛፉ ላይ ባረፈ ጊዜ ወገባችን ራሱ ሚዛኑን ፈለገ። ሁለተኛው የእጅ ነው። የቀርከሃውን መቅዘፊያ እንደ ብዕር አጥብቀን ስለምንይዘው መዳፋችን ውኃ ቋጠረ። ኀይሉ ከእጅ አንጓ ሳይሆን ከጀርባና ከወገብ እንደሚመጣ ለማወቅ ሦስት ሳምንት ፈጀብን። ከዚያም በግራና በቀኝ እያፈራረቁ መቅዘፍ ሆነ፤ በልጅነታችን ፊደል ስንቈጥር እንደ ነበረው ያለ መታከት መድገም ብቻ ነው።

ሦስተኛው መውደቅ ነው። ሽማግሌው ጥልቀቱ እስከ ደረት በሚደርስበት ስፍራ ሆን ብለን እንድንወድቅና ከታንኳው ጫፍ በሆዳችን ተስበን እንድንወጣ አደረጉን። ልጃችን በዚያ ቀን እስኪያለቅስ ድረስ ሳቀ። ጉልበታችንና ጀርባችን ለሦስት ቀን ታመመ፤ በመዝገብ ክፍል ውስጥም ከወንበር ስንነሣ ባልደረቦቻችን ይተያዩ ነበር። ነገር ግን የጎለመሰ ተማሪ አንድ ብልጫ አለው፤ የተነገረውን ይሰማል፥ ለማንም ለመታየት አይሮጥም።

ይህን ለመጀመር የሚያስቡ ወላጆች ቢኖሩ፥ የመንሳፈፊያ ሰደርያ ሳይለብሱ እንዳይወጡ፥ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት ስፍራ ጉማሬ ስላለ እንዳይቀርቡ እንመክራለን። ጣና ጧት ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ ተነሥቶ ማዕበል ያመጣል። ስለዚህ እኛ በ12 ሰዓት ወጥተን በ3 ሰዓት እንመለሳለን። በዳርቻው ብልሃርዝያ የሚባል በሽታ ስለሚገኝም ሐኪም ዘንድ መመርመር ይገባል።

ታንኳ ውኃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከየጉዞው በኋላ ወጥቶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ያም ሆኖ ዕድሜው አጭር ነውና ዘወትር አዲስ ደንገል ያሻዋል። ዳርቻው እየታረሰ ደንገሉ አነሰ፤ በ2004 ዓ.ም. በሐይቁ ላይ የታየው እምቦጭም ሌላ መከራ ሆነ። ሽማግሌው ዛሬ ደንገል ለመቁረጥ ከቀድሞው እጅግ ርቀው ይሄዳሉ። ከሦስቱ ወንዶች ልጆቻቸው ሁለቱ ባጃጅ ይነዳሉ፤ ሦስተኛው በሞተር ጀልባ ላይ ተቀጥሯል። ስለዚህ ታንኳ አጠፋፈሩን አሁን የሚማሩት የእኛ ልጅና፥ ከአጠገቡ ቁጭ ብለን ገመድ የምናቀብለው እኛ ነን። ልጁ ከእኛ ይልቅ አጥብቆ ያስራል።

እስከ ደብረ ማርያም ደሴት ልጃችንን ከፊት አስቀምጠን ሁለት ጊዜ ደርሰን ተመልሰናል። ባለቤታችን በሁለተኛው ቀን ከዳር ቆማ ስትጠብቀን ነበር፤ በደረስንም ጊዜ «ለሦስት ሰው የሚበቃ አለ?» ብላ ሽማግሌውን ጠየቀቻቸው። እርሳቸውም አስቀድማ ዋና እንድትማር ነግረዋት፥ ለሚመጣው ወር ረዘም ያለ ታንኳ ለመጥፈር ደንገሉን ማድረቅ ጀምረዋል።